ከቆጠራው በፊት የደረሱ መንትዮች

በጉዳዩ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። ኦክላንድ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ የነበርኩት እኔ፤ ሰባተኛ ክፍል የገባችው ልጄ፤ የልጄ የሂሳብ መምህርት፤ በዚያው ትምህርት ቤት ቢሮ የምትሠራው ጸሐፊ፤ የወሎ ልጅ የሆነው ባለታክሲ ጎረቤቴ፤ እዚያው ትምህርት ቤት የተመዘገቡት መንትዮቹ ልጆቹ፤ መንትዮቹን ይዛ ለዕረፍት ኮምቦልቻ የሄደችው ሚስቱ፤ በመጨረሻም የሚስቱ እናት።

እኔ ከአራተኛ ክፍል በኋላ መምህር ፊት አልተቀመጥኩም። የቀረውን ከመጽሐፍ ነው የለቀምኩት፤ አብዛኛውን እዚያችው የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ። ስለዚህ መምህር ያለው ልጅ ሲያላግጥ አልወድም። ልጄ ግን በዚያ ዓመት አላላገጠችም። አዲሷ መምህርት “ለምን?” ብሎ መጠየቅን ስለፈቀደችላት ሂሳብ ወደደች። እኔ ሳምንት የታገልኩበትን ክፍልፋይ እራት ላይ በእንግሊዝኛ ታስረዳኛለች። በአማርኛ ድገሚው ስላት ትስቅና ድንቹን ቆራርጣ ታሳየኛለች። ድንቹ ከመጽሐፉ ይሻል ነበር።

መስከረም ውስጥ አንድ ጠዋት ልጄን አድርሼ ቢሮ ጎራ አልኩ። ጸሐፊዋ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ የአንድ ልጅ ነስር ትጠርጋለች። ነርሷ በሳምንት አንድ ቀን ነው የምትመጣው፤ አማካሪውን ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ይጋሩታል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ሰው ስለሌለው ከተቆለፈ ቆይቷል። የጎደለውን ሁሉ የምትሞላው እሷው ነበረች። ስልኩን እንደዘጋች የጎረቤቴ መንትዮች መቼ እንደሚመጡ ጠየቀችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። በወሩ መጨረሻ ተማሪ ይቆጠራል፤ የሚቆጠረው ደግሞ ክፍል ውስጥ የተገኘው ልጅ ነው እንጂ ስሙ የተጻፈው አይደለም። ቁጥሩ ካነሰ አንድ መምህር ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይዛወራል፤ ተማሪዎቹም ቀድሞ በሞላ ክፍል ላይ ይጨመራሉ። የሚዛወረው መጨረሻ የተቀጠረው ነው። የጎደሉት ሁለት ልጆች ናቸው፤ መጨረሻ የተቀጠረችው የልጄ መምህርት ናት።

በዚያ ዘመን ባለታክሲዎች ኤርፖርቱ ጓሮ ተሰልፈው ተራ ይጠብቁ ነበር። ጎረቤቴን እዚያ አገኘሁትና ትምህርት እንደ ለቅሶ ሲመች የሚደረስበት ነገር አለመሆኑን፣ የአንዱ ቤት ልጅ ሲቀር የሌላው ቤት ልጅ እንደሚጎዳ አስረዳሁት። ብዙ ተናገርኩ። መኪናው ላይ ተደግፎ ሰማኝ።

“ጨረስክ?” አለኝ። “ቲኬቱን ቼንጅ ማድረግ እኔ አልጠላሁም። በሚቀጥለው ወር ያለውን ዒድ ከእኔ ጋር ሳይውሉ አይሄዱም ያለችው አማቴ ናት። ስብከቱን ለእሷ ኮል አድርግና ንገራት።”

ተራ ጠባቂዎቹ ሳቁብኝ። የስልክ ካርድ ገዝቼ ደወልኩ።

አማቱ ጤናዬን፣ የልጄን ጤና፣ የአገሩን ዝናብ ሲጠይቁኝ የካርዱ እኩሌታ አለቀ። ከዚያ ነገሩን ከነምክንያቱ ነገርኳቸው።

“መምህርቷ ምን አጠፋች?” አሉኝ።

“ምንም አላጠፋችም፣ እማማ።”

“ታዲያ ልጅ በቀረ እሷን ለምን ያነሷታል?”

ሰው ስለ ሌላው ጥፋት ዋጋ መክፈሉ ትክክል ነው ብዬ ልጄን አላስተማርኳት፤ ለእሳቸውም ልል አልቻልኩም። እንደዚያ ነው አሠራሩ አልኳቸው።

“ይምጡ እንግዲህ፣ ልጄ” አሉ። “ዒዱን ግን አንተ ነህ የምታውላቸው። በግ ሳይታረድላቸው ቢውሉ፣ ወላሂ፣ አልምርህም።”

መንትዮቹ ከነእናታቸው ቆጠራው ሊደርስ ሲል ገቡ። የመጀመሪያው ቀን አንደኛው ሂሳብ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አንቀላፋ። ጸሐፊዋን እንዴት ሆነ ብላት፣ የተኛም ይቆጠራል አለችኝ። መምህርቷ ቀረች።

ዒድ ሲደርስ ፕሌዘንተን የሚባለውን የሀብታሞች ከተማ አልፎ ካለ እርሻ በግ ገዛን። ጎረቤቴ ቢስሚላህ ብሎ አረደ። እኔና ልጄ ክርስቲያኖች ነንና የእስላም ሥጋ አንበላም፤ ከቤት ይዘነው የሄድነውን ምስር ወጥ ከፊታችን አደረግን።

“በግ ገዝቶ ምስር የሚበላ ሰው ዛሬ አየሁ” አለ ጎረቤቴ። “በጉ ራሱ ቢያውቅ ይስቅብህ ነበር።”

ልጄ ለምን እንደማንበላ ጠየቀችኝ። የአባቶቻችን ሥርዓት ነው አልኳት። ያ መልስ ሳይሆን አሠራሩን መንገር ነው አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ። ሊቆጣት የነበረው አፌ ምስር ጎረሰ። እማማ በስልክ መንትዮቹን አንድ በአንድ አነጋገሯቸው፤ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ሲመልሱላቸው ምንም ሳይገባቸው መረቋቸው።

መምህርቷ ያን ዓመት ጨርሳ በበጋው ፕሌዘንተን የተሻለ ደመወዝ አግኝታ ሄደች። ጎረቤቴ ከበጉ ዋጋ ድርሻችንን ትመልስ እያለ ሲቀልድ ከረመ። እኔ መጀመሪያ ተቀየምኳት፤ በኋላ ግን እሷም የቤት ኪራይ ከፋይ መሆኗን አሰብኩና ተውኩት። ልጄ ስምንተኛ ክፍል ስትገባ ሂሳቡን ይዛው ነበር።

የሦስት ሰው ቲኬት መቀየሪያ ስድስት መቶ ዶላር፣ በጉ ሁለት መቶ ሃያ፣ ቤንዚንና የስልክ ካርድ ሃምሳ አምስት፤ ከጎረቤቴ ጋር እኩል ከፈልን። ለአንድ ዓመት የሂሳብ መምህርት ስምንት መቶ ሰባ አምስት ዶላር፣ ከኮምቦልቻ በኩል ደግሞ የልጅ ልጆች የሌሉበት አንድ ዒድ።