ሰባ አራት እጅ

መጻፍ የተማርኩት በሠላሳ ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ለፊደልም ለቁጥርም ይሳሳል፤ እኔ አራት ነጥብ የጎደለው ዓረፍተ ነገር እንኳ ሰላም ይነሳኝ ነበር። ጂማ ውስጥ፣ ከአወቱ ወንዝ ወዲህ ያለችው ቀበሌያችን ይህን አይታ ቃለ ጉባኤ ያዥ አደረገችኝ።

የሊቀ መንበር ምርጫ ሲደርስ የተፎካከሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ጎረቤቴ የሆነ ልብስ ሰፊና አንድ ጡረታ የወጣ ሹፌር። ተፎካከሩ ስል ልማድ ሆኖብኝ እንጂ ሁለቱም የሚታገሉት ላለመመረጥ ነበር። ሊቀ መንበር የሆነ ሰው ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱትን የሰፈር ልጆች ስም ማቅረብ አለበት። ልብስ ሰፊው ደግሞ ዕድሜው ለውትድርና የደረሰ አንድ ልጅ አለው። ልጁን ቢያስቀር ሰፈሩ ያየዋል፤ ቢሰጥ እናቱ ታየዋለች።

ስለዚህ ሹፌሩ በየቤቱ እየዞረ የልብስ ሰፊውን ደግነት ሲሰብክ፣ ልብስ ሰፊው የሹፌሩን ቆራጥነት ሲያወድስ ሰነበተ። እንዲህ ያለ ጨዋ የምርጫ ቅስቀሳ ከዚያ ወዲያ አላየሁም።

ምርጫው እጅ በማውጣት ነው። ምርጫውን ሊመራ የተላከው ካድሬ ስለ ሰፊው ሕዝብ ሥልጣን ሲናገር ቆይቶ ሲጨርስ በረድፎቹ መሃል እየሄድኩ ቆጠርኩ። ሁለት እጃቸውን ያወጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ አንዱን አስወረድኳቸው። ለልብስ ሰፊው ሰባ አራት፣ ለሹፌሩ ሰባ አንድ። ሕዝቡ ደግ ሰው የመረጠው የኛን ልጅ አይሰጥም ብሎ ነው።

ልብስ ሰፊው ተነሳ። "ውጤቱን አልቀበልም። ተጭበርብሯል።"

"ማን አጭበረበረ?" አለ ካድሬው።

"እኔ በምን አውቃለሁ? አሸናፊው እኮ እኔ ነኝ።"

ሹፌሩ ከኋላ ሆኖ፣ "እኔ ሽንፈቴን ተቀብያለሁ። አንተም እንደ ወንድ ድልህን ተቀበል" አለው። አዳራሹ ሳቀ። ካድሬው ሳይስቅ፣ ቃለ ጉባኤውን በሦስት ቀን እንዳስረክብ አዘዘኝ።

ሁለቱ ሰዎች ሰላምታ አቆሙ። በኛ ሰፈር ጎረቤት ሲጣላ ጃርሳዎች፣ ማለትም ሽማግሌዎች፣ ይገባሉ። ጠቡ የወሰን ከሆነ ካንዱ አንድ ክንድ ወስደው ለሌላው ይጨምራሉ፤ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ቅር ብሏቸው ይታረቃሉ። ምርጫውንም እንደ ወሰን አዩት። በማግሥቱ ከአሱር ሶላት በኋላ ሦስት ሆነው ቤቴ መጡ፤ የሚናገሩት እኒያ ሁለት እጅ ያወጡት ናቸው።

"ማሎ፣ እባክሽ ልጄ፣ ሁለት እጅ ብቻ ወደ ሹፌሩ አሻግሪ።"

"ሹፌሩ እሺ ይላል?"

"እሱን ለኛ ተይው። ልጆቹ ሴቶች ናቸው፤ ይችለዋል።"

"እኔ የቆጠርኩት ሰባ አራት ነው፣ አባባ።"

"ወላሂ፣ ቆጥረሻል። አልቆጠርሽም ያለሽ አለ? መቁጠር ሌላ፣ መጻፍ ሌላ።"

"ለኔ አንድ ነው።"

ሽማግሌው ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። "ትማር ብለን የወተወትነው እኛው ነን" አሉ።

ቃለ ጉባኤውን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ አስረከብኩ። አልዋሽም፣ ኮርቼ ነበር። ካገሩ ሁሉ ያልተጭበረበረ ምርጫ ቢኖር የኛ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ምናልባት እውነትም ነበር።

ሁለት ወር ሳይሞላ ኮታ መጣ፤ ስድስት ልጅ። አዲሱ ሊቀ መንበር ጽሕፈት ቤት ገብቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

"ጻፊ" አለኝ። ቀና ብዬ ሳየው የማንን ስም ሊያስቀድም እንደሆነ ገባኝ።

"የራስህን ልጅ መተው ትችላለህ እኮ። የሌሎቹ ቀበሌዎች ሊቀ መንበሮች ትተዋል።"

"ከሱ በፊት የሰው ልጅ ስም የምጠራበት አፍ የለኝም።"

የልጁን ስም፣ የራሱን ስም፣ የአባቱን ስም ነገረኝ። ተራ ቁጥር አንድ ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን ወደ ራሱ አዙሮ ቀስ ብሎ አነበበው።

"ጽሑፍሽ ያምራል" አለኝ። እያሾፈ አልነበረም።