ዓመተ ምህረቱን ያወቀው ኮምፒዩተር

ማብሪያውን ስጫን በሆዴ «እባክህ አትነሳ» እያልኩ ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ እንዲነሳ ስለፋ የከረምኩት እኔው ነኝ። አሁን ግን ጓድ ይመር ከጀርባዬ ቆሟል... የአውራጃችን የደህንነት ሰው።

«ካልተነሳ ብረት ነው» ብሎኛል። «ከተነሳ ግን እንነጋገራለን።»

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ 1980 ዓ.ም.፣ ጥቅምት ላይ። መካነ ሰላም ፊዚክስ አስተምራለሁ። በድርቁ ጊዜ ስንዴ ሊያድሉ የመጡ ነጮች ሲሄዱ የተበላሸ ኮምፒዩተር ጥለው ኖሮ፣ ትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ ከተሰበረ ዴስክ ሥር አገኘሁት። አይጥ ወልዳበታለች። ጎጆዋን አወጣሁ፤ የበላችውን ሽቦ በናስትሮ ጠቀለልኩ። ወሬው ግን ቀድሞኝ ከተማውን ዞረ፤ «መምህሩ የወንበዴ መገናኛ ሬዲዮ እየጠገነ ነው» ተባለ።

ያኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሰው ይበላል። በዚሁ ሰበብ ደሴ ተወስደው ያልተመለሱ አውቃለሁ።

ጄኔሬተሩ እየተንገጫገጨ ነው። ኮምፒዩተሩ ጭጭ አለ... ተመስገን አልኩ። ወዲያው ግን ጢጥ ብሎ አንድ ነገር ውስጡ ተሽከረከረ፤ መስተዋቱ ላይም አረንጓዴ ጽሑፍ ብቅ አለ። የዛሬው ቀን ይህ ነው ይላል፤ ቀጥሎ 1-01-1980።

ጓድ ይመር እንግሊዝኛ አይሆንለትም፤ ቁጥር ግን ያነባል። ጎንበስ አለ።

«አንድ... አንድ... ሰማንያ። መስከረም አንድ ማለት ነው።»

«አይ ጓድ፣ ይሄ የፈረንጆቹ ሰማንያ ነው፤ ለእኛ ሰባ ሁለት መሆኑ ነው። ማሽኑ ተጥሎ ሲከርም ቀኑ ይጠፋበታል። ሲነሳ ከዚያ ይጀምራል።»

«ከስንት ዓመት መርጦ እኛ ያለንባትን?»

ጥያቄው እኮ ልክ ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላምንም።

«መስከረም አንድ ቀን አንድ ሰው ከወንበዴ ጋር ተገናኝቶበታል» አለና ወደ ጋሽ እንድሪስ ዞረ። ጋሽ እንድሪስ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። «ክረምቱን ቁልፉ ማን ዘንድ ነበር?»

ጋሽ እንድሪስ እኔን ላለማየት መሬት መሬት አዩ።

«ወላሂ ልዋሽ አልችልም። እኔ አጅባር እህቴ ዘንድ ነበርኩ። ቁልፉን ለመምህሩ ነው የተውኩለት።»

እውነታቸውን ነው። እንቁጣጣሽንም ግቢው ውስጥ ብቻዬን ነው የዋልኩት፤ ምስክር የለኝም። ፈራሁ። እናቴ ወሬዬን ከማን ትሰማ ይሆን እያልኩ ነበር።

ዓይኔን ከጽሑፉ ላይ አልነቀልኩም። ከቁጥሩ ፊት ጓድ ይመር የዘለላት አጭር ቃል አለች።

«ጓድ ይመር፣ ይቺ ዕለቱን ነው የምትናገረው። ማክሰኞ ትላለች። እኔን ካላመኑኝ ሌላ ሰው ያስነብቡ።»

የእንግሊዝኛው መምህር ተጠራ። ጎንበስ ብሎ «ማክሰኞ» ብሎ አነበበ።

«እንቁጣጣሽስ ምን ቀን ዋለ?» አልኩ።

ጓድ ይመር በጣቱ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።

«ቅዳሜ» አለ ቀስ ብሎ። «እንግዲያው ይሄ ነገር ይዋሻል።»

«በጣም ነው የሚዋሸው ጓድ» አልኩ ፈጠን ብዬ።

«ሆን ብሎ ነው?»

«እሱን እንኳ አላውቅም» አልኩት።

«ይጣራል» አለ። ሁለት ታጣቂ ጠርቶ በገመድ አሳሰረው። እየተቀባበሉ ተሸክመው ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱትና እስረኛ ክፍል ቆለፉበት፤ በር ላይም ዘብ ቆመለት። እኔ ላስተምር ክፍል ገባሁ።

በዚያ ዘመን በሰው ጥቆማ የታሰረ ስንት አየሁ... ለእኔ ብሎ የታሰረልኝ ግን እሱ ብቻ ነው።