ጉም ውስጥ የታሰርኩበት ጠዋት

ጠበቃ ነኝ፤ ቢሮዬ ደባርቅ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛዬን ላነጋግር ተራራው ላይ ወዳለው ጊች መንደር ስወጣ ጉም ወረደና መንገዱም ሰማዩም ነጭ ሆነ። በህልሜ የምራመድ መሰለኝ።

ድንገት ከኋላዬ የሽማግሌ ድምፅ ሰማሁ።

«በሕግ አምላክ! ቁም!»

ቆምኩ። እዚህ አገር በሕግ አምላክ ተብሎ የሚራመድ የለም።

«ምን አጠፋሁ፣ አባቴ?»

«ዝም ብለህ ቁም።»

ጉሙ እንደተባዘተ ጥጥ ፊቴን ይዳስሰኛል። የወንዝ ድምፅ ከእግሬ ሥር የሚመጣ መሰለኝ፤ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። ቆይቶ ግን ንዴቴ መጣ።

«አባቴ፣ ያለ ሕጋዊ ምክንያት ሰውን ከመንገዱ ማስቀረት ሕገወጥ እስራት ነው! የግድ በር መቆለፍ የለበትም፤ በቃል አስፈራርቶ ማቆምም ያስጠይቃል። እከስዎታለሁ!»

«ትከሳለህ። ብቻ እንዳትነቃነቅ።»

ይሄኔ ነፋስ መጥቶ ጉሙን ገለጠው። ከጫማዬ ፊት መሬት የለም። አንድ አሞራ ከእግሬ በታች፣ በጣም በታች፣ ክንፉን ዘርግቶ ይዞራል።

ሽማግሌው ቀስ ብለው መጡና የለበስኩትን ኮት ከጀርባዬ ይዘው ወደ ኋላ ሳቡኝ።

«ገደል ነው ብልህ ትደነብር ነበር» አሉ። «በል፣ አሁን ፈትቼሃለሁ። ክሰሰኝ።»