ለእህቴ ግድግዳ የተጫነ ድፍድፍ

ዓርብ፣ ጎህ ሲቀድ

ከአንኮበር፣ ከጎረቤላ የተነሣሁት ጉሙ ገና ከጣሪያ ሳይነሣ ነው። ጉልበቴን አሞኛል፣ ሌሊቱንም በቅጡ አልተኛሁም። መሄዱን አልወደድኩትም። ግን ደብረ ብርሃን ያለችው ታናሽ እህቴ አስካለ ደውላ፣ “ጋሼ፣ ካልደረስክልኝ ሰው ፊት መዋረዴ ነው” አለችኝ። አስካለ እንዲህ የምትል ሴት አይደለችም፤ ተነሣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምቱ የቤቷን የጓሮ ግድግዳ አጎበጠው። ከተማው ደግሞ ከመስቀል ወዲህ ብራ ሲሆን ለነዋሪው ብዙ ነገር ያደርጋል፦ የሰፈር ጽዳት፣ የችግኝ ኩትኳቶ፣ ነጻ ሕክምና፣ የአቅመ ደካማ ቤት እድሳት። የእድሳቱ ተራ ለእሷ ደረሳት፤ በጎ ፈቃደኞች ቅዳሜ መጥተው ይሠሩልሻል ተባለች። እሷን የጨነቃት ቤት የሚሠራላት ሰው ጉሮሮው ደርቆ እንዳይመለስ ነው። በእኛ አገር ደቦ የጠራ ያበላል፣ ያጠጣል። ለመጥመቂያ አቅም ስላጣች እኔን ጠራች።

ሚስቴ የጠላ ድፍድፍ አዘጋጀችልኝ፤ በጀሪካን ሞላሁት። “ክዳኑን አታጥብቀው፣ ይተንፍስ” ብላኝ ነበር። መንገዱ ይንጠዋል፣ ይፈሳል ብዬ ባለኝ አቅም ጠመዘዝኩት።

ዓርብ ረፋድ፣ መንገድ ላይ

ሚኒባሱ ጢም ብሏል። ጀሪካኑ እግሬ ሥር ነው። አጠገቤ ሁሴን የሚባል የአልዩ አምባ ነጋዴ ተቀምጧል፤ ነጭ ጀለቢያ ለብሷል፣ ሽንኩርቱ ጣሪያ ላይ ተጭኗል። ውጭው ገብስ ነው፣ ባቄላ ነው፣ ጀርባቸውን ለፀሐይ የሰጡ በጎች ናቸው።

ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ እንደወጣን ጀሪካኑ እንደ ጥይት ጮኸ። ሰው ሁሉ አጎነበሰ። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ሕፃን ያቀፈችው ሴት ሕፃኑ ላይ ተደፋች። ከዚያ የጌሾው ሽታ መጣ። ሰው እንዲህ ማጎንበስ የለመደው ባለፉት ዓመታት ነው፤ እኔም ራሴ አጎንብሼ ነበር፣ የራሴን ድፍድፍ ፈርቼ።

ሁሴን ድፍድፍ የተረጨበትን ጀለቢያውን አየው። “አባባ፣ ዛሬ እኮ ጁምዓ ነው። ይህን ለብሼ መስጊድ ብገባ ምን ይሉኛል?”

“ከአንኮበር ሰው ጋር ተሳፍሬ ነው በላቸው” አለ ሹፌሩ።

ያን ጊዜ ተሳቀ። ሁሴን ቅያሪ ልብስ እንደያዘ ነግሮኝ፣ የተረፈውን እንዳልደፋው ጀሪካኑን ራሱ አቃናልኝ። ግማሹ ተርፏል።

ሹፌሩ መንገዱን ሙሉ ከተማው ተነሥቷል ሲል ነበር። በክፉው ጊዜ ባዶ መኪና ይነዳ ነበር፤ አሁን ለጭነት ቦታ ያጣል። ስንገባ እኔም አየሁ። ተዘግተው የነበሩ ሱቆች ተከፍተዋል፣ የፋብሪካው ጭስ ይታያል፣ ብርድ ልብስ በየደጁ ተሰቅሏል፣ ባጃጁ መተላለፊያ ነሥቷል። ሥራ ያጡ ልጆችም ድንጋይ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ተነሥቷል ያለኝን አላስተባብልም። ከበሽታ የተነሣ ሰው ግን ግድግዳ ይዞ ነው የሚሄደው።

ቅዳሜ

በጎ ፈቃደኞቹ በጠዋት መጡ። አለቃቸው ሰናይት የምትባል፣ ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ ልጅ ናት። አስካለ ለምሳ እንዳይሄዱ ስትነግራት ልጅቱ አንገቷን ደፋች። ባለፈው አንዲት እናት ያላቸውን አንድ በግ አርደው አብልተዋቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ከባለቤቱ ውሃም ቢሆን አንቀበልም ተባብለዋል።

አስካለ በሩ ላይ ቆመች። “እንግዲያው ግድግዳዬን አትንኩ። ለማኝ አይደለሁም።”

ሰናይት ለመነቻት። ዛሬ ካልተሠራ ተራው ያልፋል፣ ውርጩም ደርሷል። እህቴ ንቅንቅ አላለችም። እኔም ከእሷ ጋር ወገንኩ፤ ያን ሁሉ መንገድ የተንገላታሁት ለምንድን ነው ብዬ ተቆጣሁ።

ንዴቴ እስኪበርድ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ስንጥቁ እጅ ያስገባል። እጄን ብሰደው ጨርቅ ነካሁ፤ ብርድ ልብሷን ወትፋበታለች። እሷ ሌሊት ምን ለብሳ እንደምትተኛ አልጠየቅሁም።

ተመልሼ ሰናይትን ሰኞ የማንን ቤት እንደሚሠሩ ጠየቅኋት። ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ የአንድ ዓይነ ስውር አዛውንትን አለች።

“እንግዲያው ይህ ደቦ አይደለም፣ ወንፈል ነው” አልኩ። “ዛሬ እናንተ ለእኛ፣ ሰኞ እኛ ለእናንተ። ወንፈል ድግስ የለበትም። እኔ መጥቼ ጭቃ እረግጣለሁ።”

አስካለ እግሬን አየች። “በዚህ ጉልበት?”

“ጉልበቱ የኔ ነው።”

ቆየት ብላ ከበሩ ዞር አለች። እስኪመሽ ግድግዳው ቆመ፣ ተመረገ።

ሰኞ

ጭቃው አጥንት ይሰብራል። የሌሊቱ ውርጭ ገና አልለቀቀም፤ እግሬን ስነክር እስከ ወገቤ ተሰማኝ። ልጆቹ፣ “አባባ፣ ይቀመጡ፣ ጭቃው ራሱ ይረግጥልዎታል” እያሉ ይቀልዱብኛል። መቀመጥስ አምሮኝ ነበር። ቃል ነዋ።

እኩለ ቀን ላይ አስካለ እንስራ አዝላ መጣች። የተረፈውን ድፍድፍ በጥብጣ አጥልላዋለች።

“እማማ፣ ተነጋግረን አልነበረም?” አለች ሰናይት።

“የተነጋገርነው ስለ ቤቴ ነው። ይህ የኔ ቤት ነው እንዴ? ጭድ ልበትን ነው የመጣሁት። ሠራተኛ ለሠራተኛ ቢቀዳ ማን ይከለክላል?”

እንስራውን አውርዳ እውነትም ጭዱን አነሣች። ሰናይት ወደኔ ዞረች፤ እኔ ጭቃውን አየሁ። ከዚያ እጇን ታጥባ መጣችና ጣሳውን በሁለት እጇ ተቀበለች።

ማክሰኞ፣ ጎረቤላ

ጉልበቴ አብጦ ያው የዓርቡ ሹፌር ደግፎ ነው ያሳፈረኝ። ጀሪካኑን ሲያይ ባዶ መሆኑን ጠየቀኝ፤ ባዶ ነው ስለው ለማንኛውም ክዳኑን ክፈተው አለኝ። ከፈትኩለት።

ማታ አስካለ ደወለች። ነገም ሌላ ሰው ቤት ጭድ ልትበትን ትሄዳለች። ወንፈሉ ተመልሷል፣ አርፈሽ ተቀመጪ አልኳት።

“ሞቆኝ ነው ያደርኩት፣ ጋሼ” አለችኝ። “ምን ያስቀምጠኛል?”