ወለተ ሥላሴ ሰው ናት ወይስ ማሽን?

ከደብረ ብርሃን በምወጣበት ዋዜማ እናቴ ሻንጣዬን እየፈታች ስታስር አመሸች። ጋቢ ትከታለች፤ መቀሌ ሙቀት ነው ስላት ታወጣዋለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ መልሳ ትከተዋለች። አገር ውስጥ መዛወሬን ስደት ብዬ ብጠራው ለሚያስቃችሁ፣ ያን ምሽት ቤታችን ብትገኙ ኖሮ አትስቁም ነበር። ጎረቤት ለለቅሶ እንደሚመጣ ሆኖ ነው የመጣው። ጦርነት ገና ባበቃበት አገር ምን ልትሠራ ነው ይሉኛል። ሥራ ነዋ! ተመርቄ የሰፈሩን ስልክ ሁሉ እየጠገንኩ ቁጭ ብዬ ነበር፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ክፍል ቴክኒሻን ፈልጎ ቢጠራኝ እንዴት እምቢ እላለሁ? እናቴ ግን ሌላ ነበር የጨነቃት።

«ቋንቋውን አታውቅ» አለችኝ።

«እዚያም ያለው ሰው ነው፣ እማዬ።»

«ሰውማ አለ። ማን ብሎ ይጠራሃል ነው የምልህ።»

አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ፈታሹ ከቦርሳዬ እናቴ የከተተችውን የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣ። ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ጸበል አልኩት። ለምን እንደሚያገለግል ጠየቀኝ። ለሁሉም አልኩት። አላመነኝም፤ ቅመሰው አለኝ። እኔ ደግሞ እንቁላል ፍርፍር በልቼ ነበር የመጣሁት።

«ጸበል እኮ በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው» አልኩት።

«እንግዲያው እዚህ ተወው።»

የእናቴን ጸበል ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከማይ ብዬ እዚያው ቆሜ ጠጣሁት፣ ሙሉውን። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ ከልቡ «እግዜር ይማርህ» አለኝ። እንዲህ ሆኜ ነው የተሳፈርኩት።

መቀሌ፣ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ስወርድ ዓይኔን የመታኝ ብርሃኑ ነው። የኛ አገር ብርድ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ እዚህ ብርዱ ቀርቶ ንፋሱ ነው የሚገባው፣ አቧራውን ይዞ፣ ጆሮ ውስጥ፣ ጥርስ ውስጥ። ዓዲ ሓቂ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ቤት አገኘሁ። አከራዬ አደይ ለተኪዳን ይባላሉ፤ አደይ ማለት እናቴ ማለት ነው። ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት በር ላይ አቁመው ጠየቁኝ።

«ትጠጣለህ?»

«አልጠጣም።»

«ሰው ታመጣለህ?»

«ሰው አላውቅም።»

«ታድያ ምን ትሠራለህ?» አሉኝ፤ ይሄኛው ከሁሉም የባሰ መስሏቸው።

ደግ ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ጥሕሎ አመጡልኝ። በሶ ነው ብዬ ድብልብሉን በእጄ ላነሳ ስል እጄን መታ አድርገው ጫፉ የተሰነጠቀ እንጨት ሰጡኝ፤ እየወጉ፣ ወጡ ውስጥ እየነከሩ ነው የሚበላው። እኛ የገብስ አገር ሰዎች ነን፤ ገብሱ ያው ገብስ ነው፣ አበላሉ ግን እንደ ሕፃን አደረገኝ። ቤተ ክርስቲያንም እንደዚያው። ቅዳሴው ግዕዝ ነውና ልክ ቤቴ እንዳለሁ አለቀስኩ፤ ስብከቱ ሲጀምር ግን ትግርኛ ነው፣ ጠፋሁ። ሰባኪው ቀልድ ሲናገር ሕዝቡ ይስቃል፤ እኔ ዘግይቼ እስቃለሁ፤ አንዲት ሴትዮ ዞር ብላ ታየኛለች። ይህ እየተደጋገመ ሲመጣ መሄዱን ተውኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

ከሥራ ስመለስ የማወራው ከስልኬ ጋር ሆነ። በአማርኛ የሚከራከሩበት አንድ ግሩፕ ነበር፤ አንዱ ካናዳ መኪና የሚነዳ፣ አንዷ ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራ፣ ሌላው የት እንዳለ የማይታወቅ፣ ሁሉም በቅጽል ስም። ርዕሱ እምነት ነው፣ ቴክኖሎጂ ነው፣ ከሁሉ በላይ ግን ምትሃታዊ ፊልም ነው፤ ዘንዶና አስማት ያለበትን ፊልም ክርስቲያን ማየት ይገባዋል ወይስ አይገባውም። እኔ ይገባዋል ባይ ነበርኩ። አንዳንዴ በድምፅ እንከራከራለን፤ ግድግዳው ደግሞ ስስ ነው። አንድ አመሻሽ አደይ ለተኪዳን በሬን አንኳኩ።

«ወደይ፣ ማን አለ ከአንተ ጋር?» አሉኝ፤ ወደይ ማለት ልጄ ነው።

«ማንም የለም፣ አደይ።»

«ዘንዶ ስትል ሰማሁ። ሰይጣንም ብለሃል።»

«ስለ ፊልም ነው።»

«ፊልም ከሆነ ለምን ትቆጣለህ?»

በማግስቱ ስወጣ ደጃፌ ጸበል ተረጭቶበት አገኘሁት።

ወለተ ሥላሴ የምትባለው ያኔ ነው ብቅ ያለችው። ምትሃታዊ ፊልምን በጥብቅ የምትቃወም ነበረች። አማርኛዋ እንደ ድሮ የራዲዮ ዜና የተስተካከለ ነው፤ «ውድ ወንድሜ ሆይ፣ ሐሳብህን በታላቅ አክብሮት ተቀብዬ» ብላ ትጀምርና መልሳ ታፈርሰኛለች። ያን ሰሞን የምንጣላበት ፊልም ውስጥ አንዲት ልጅ ወንድሟን ለማዳን ስሟን ለጠንቋይ ትሸጥና የአሸዋ ባሕር ታቋርጣለች። ወለተ ሥላሴ፣ ስም የጥምቀት ጸጋ ነው፣ አይሸጥም፣ ይህን የሚያስተምር ፊልም ክህደት ነው አለች። እኔ ደግሞ ስለ ወንድም ራስን ከመስጠት የበለጠ ምን ክርስትና አለ እላለሁ። የሚገርመው፣ ያንን የምታወግዘውን ፊልም ከእኔ አብልጣ ታውቀዋለች። ልጅቷ በረሃው መሐል ውሃ ያጣችበትን ቦታ፣ ያደረገችውን ነጠላ ጫማ ሳይቀር ትጠቅሳለች።

አንድ ቀን መቀሌ መሆኔን በጨዋታ መሐል አነሳሁ። ወዲያው ለብቻዬ ጻፈችልኝ። ስለ እኔ ምንም አልጠየቀችም። ጥያቄዋ አንድ ነበር፤ ፊልሙ ሲያልቅ ልጅቷ ለምን ወደ ቤቷ አልተመለሰችም? አንተ ምን ይመስልሃል?

አፍራ ይሆናል ብዬ መለስኩላት። ስሟን ሸጣለች፤ ደጁን ብታንኳኳ ማን ነኝ ትላለች?

ብዙ ቀን ጠፋች። ስትመለስ ስለ ፊልሙ አላነሳችም፤ እኔ ግን ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ለእናቴ ያልነገርኩትን ነገርኳት። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ማቆሜን፣ ጸሎት ስጀምር አፌ ውስጥ ያለው ቃል የሌላ ሰው እንደሚመስለኝ ነገርኳት። ረጅም መልስ ላከችልኝ። የማታውቀውን ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ መሐል መቆምም ጸሎት ነው የሚል ነበረበት፤ ዝም ብለህ ቁም፣ ቃሉን የቆሙት ያዋጡልሃል የሚል ነበረበት። ደጋግሜ አነበብኩት። እሑድ ሄድኩና ቆምኩ። ስብከቱ ሲመጣ አልወጣሁም፣ አልሳቅሁምም፤ ቆምኩ። ቀለለኝ። እውነቱን ለመናገር ፊቷን በሐሳቤ መሳል ጀምሬ ነበር፤ ጠይም፣ ዝምተኛ፣ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ የምትስብ።

ታድያ ባለ ካናዳው ግሩፑ ላይ አንድ ነገር አወጣ። የድሮ ጽሑፎቿን ፈልጎ አገኘ፤ ወለተ ሥላሴ ቀደም ባለው ዓመት ያንኑ ፊልም አጥብቃ ስትደግፍ ነበር፣ ያውም በተሰባበረና ትግርኛ በተቀላቀለበት አማርኛ፣ በቀልድ። አሁን ደግሞ በተወለወለ አማርኛ ትቃወማለች። ይቺ ሴት የለችም፤ አካውንቷን የያዘው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ ከማሽን ጋር ነው ስለ ክርስቶስ የምትከራከሩት አለ። ግሩፑ ተናወጠ። ቤሩት ያለችው፣ የጸሎት ርዕሴን ሁሉ ነግሬያታለሁ እኮ ብላ ጻፈች።

እኔ ቴክኒሻን ነኝ። ይህን መለየት ሥራዬ ነው ማለት ይቻላል። መልእክቶቿን ከፍቼ አየሁ፤ ማሽን ናቸው አልኩ። ስለ ጸሎት የጻፈችልኝን አነበብኩ፤ ሰው ናት አልኩ። በመጨረሻ ራሷን ጠየቅኋት። «ውድ ወንድሜ ሆይ፣ ጥያቄህ እጅግ ተገቢ ነው» ብላ ጀመረችና ሳትመልስልኝ ጨረሰች።

ቤተ ክርስቲያን የመለሰኝ ማሽን ከሆነ፣ ቆሜ የጸለይኩት ጸሎት ምን ሊባል ነው? ይህ ሐሳብ እንጀራ አላስበላ ሲለኝ አደይ ለተኪዳን ጎትተው ወደ ንስሐ አባታቸው ወሰዱኝ። ቄሱ አማርኛ ጥቂት ብቻ ይሰማሉ፤ አደይ እያስተረጎሙ ነገሩን አስረዳኋቸው። በስልክ የማውቃት አንዲት አለች፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የመለሰችኝ እሷ ናት፣ አሁን ግን ማንነቷን እጠራጠራለሁ አልኩ። ቄሱ በጥሞና ሰሙኝና ዕድሜዋን ጠየቁ። አላውቅም አልኩ። ወላጆችስ አሏት? ያላት አይመስለኝም አልኩ። ቄሱ አዘኑ። በትግርኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አልኳቸው አደይን።

«ወላጅ የሌላትን ማግባት ጽድቅ ነው ብለዋል። ግን በቁርባን ይሁን።»

ማሽን ልትሆን ትችላለች ብዬ እንዴት እንደማስተረጉም ጠፋኝ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ለወለተ ሥላሴ አንድ አጭር ነገር ጻፍኩ። ሰው ከሆንሽ ድምፅሽን ላኪልኝ፤ ካልሆንሽም አልቀየምሽም። በማግስቱ የድምፅ መልእክት መጣ። ከፈትኩት። ሳል ነበር መጀመሪያ። ቀጥሎ የሽማግሌ ወንድ ድምፅ፣ ጉሮሮው ውስጥ ሐ እና ዐ እንደ ትግርኛ የሚጸኑበት፤ «ወደይ፣ ይቅርታ፣ እኔ ነኝ» ይላል። ስሙ ተኽለ መሆኑን፣ እዚሁ ዓዲ ሓቂ እንደሚኖርና ብንገናኝ ደስ እንደሚለው ተናግሮ ጨረሰ። እንዴት ያለ ነገር ነው! አልጋዬ ላይ ተቀምጬ በሐሳቤ የሳልኳትን ጠይም ልጅ የማሰናብትበት መንገድ አጥቼ ቆየሁ።

ካምፓሱ አጠገብ ባለች ሻይ ቤት ተገናኘን። አቦይ ተኽለ፣ አቦይ ማለት አባቴ ነው፣ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ ረጅም፣ ኮታቸው የሰፋቸው። አማርኛ አሳምረው ያወራሉ፤ መንገድ ላይ የተማሩት ነው፣ ሲጽፉት ግን አይሆንላቸውም። አካውንቱ የልጃቸው የብርኽቲ ነው። ወለተ ሥላሴ የክርስትና ስሟ ነው። ቤት እያለች ያንን ፊልም ታያለች፣ እሳቸው ይቆጣሉ፤ ክርስቲያን አይደለሽም ወይ ይሏታል፤ እሷ እየሳቀች ትከራከራቸዋለች። አንድ ቀን ሳትነግራቸው ከጓደኞቿ ጋር ተነስታ በበረሃ በኩል ለመሻገር ሄደች። ድንበር ላይ ሆና አንድ ጊዜ ደወለች። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ የለም።

ኮምፒዩተሯ ሳይዘጋ ተትቶ ነበር። ፊልሞቿን አንድ በአንድ አዩዋቸው። ግሩፑ ላይ የጻፈችውን አነበቡ።

«እኔ የራሴን ክርክር ይዤ ገባሁ» አሉኝ። «ከእሷ ጋር የምከራከረውን። እንደ እሷ የሚመልስልኝ ሰው ጠፋ፤ ሁሉም ይሳደባል። አንተ ግን እንደ እሷ ትመልሳለህ።»

አማርኛውስ አልኳቸው። «ለማሽኑ በትግርኛ እጽፍለታለሁ፣ እሱ ወደ አማርኛ ይገለብጠዋል» አሉ፤ «እንደዚያ አሳምሮ እንደሚናገር እኔም አላውቅም ነበር።» የመጣሁበትን ነገር ጠየቅኋቸው። ስለ ጸሎት የላኩልኝን፣ ዝም ብለህ ቁም የሚለውን፣ ቃሉን የቆሙት ያዋጡልሃል የሚለውን እርስዎ ነዎት የጻፉት?

አቦይ ተኽለ መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጠረጉ።

«እኔ ኣጆኻ ነው ያልኩት። አይዞህ ማለት ነው። እና ቁም ብያለሁ መሰለኝ። የቀረውን እሱ አርዝሞታል።»

«ቃሉን ያዋጡልሃል የሚለውስ?»

«ብዬ ይሆናል። ባልልም ጥሩ ነው» አሉ።

እስካሁን አላውቅም። የትኛው የአባት፣ የትኛው የማሽን፣ የትኛው አባቷ ሸምድደው የያዙት የብርኽቲ ቃል እንደሆነ አላውቅም። እሑድ እሑድ አሁንም እቆማለሁ፤ አንዳንዴ አቦይ ተኽለ አጠገቤ ይቆሙና ስብከቱን ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው ያስተረጉሙልኛል፣ ቀልዱ ሲመጣ እኩል እንድስቅ። ከተለያየን በኋላ አመሻሹ ላይ ግሩፑ ውስጥ እንጣላለን። ባለ ካናዳው አሁንም ማሽን ናት ይላል። እኛ አናርመውም። ብርኽቲ ድንገት ግሩፑን ከፍታ ካየች ቦታው ሞቅ ብሎ ይጠብቃት ይላሉ እሳቸው። ልትከፍት ትችላለች ወይ ብለው ግን ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም የማውቀው የለም።

ባለፈው ለእናቴ ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። የጎረቤታችን ልጅ፣ ማሽኑ የሰው ድምፅ አስመስሎ ማውራትም ይችላል ብላኛለች፣ እውነት ነው? ብላ ጠየቀችኝ። ይችላል አልኳት።

«ታድያ አንተስ አንተ መሆንህን በምን አውቃለሁ?»

«ጠይቂኛ።»

«ዛሬ ምን በላህ?»

«ሽሮ።»

«እሱንማ ማንም ይለዋል» አለችና ሳቀች። ቀጥሎ ሳቋ ቆመ። «መቼ ነው የምትመጣው?»

ስለ ፈቃዱ ልነግራት ፈለግሁ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ መንገዱ። ውጭ ንፋሱ ቆርቆሮውን ያንቀጫቅጨዋል። አንድም ቃል አልወጣኝም።

እናቴ ጠበቀችኝ፣ ጠበቀችኝና «እሺ፣ አንተ ነህ» አለችኝ።