ደረጃው ላይ ያልተፈተነ ጠመንጃ

እኔ ሚዛን ጠጋኝ ነኝ። የሥጋ ቤቱም የፖስታ ቤቱም ሚዛን በእጄ ያልፋል፤ አንዲት ግራም ብትጎድል አውቃለሁ። ስለዚህ የአደን ጠመንጃ ልገዛ ስል አናጺው አጎቴ ስለ ክብደት ሊመክረኝ ሲነሳ በሆዴ ሳቅሁ።

«ጠመንጃውን ባዶውን አትመዝነው» አለኝ፣ የእንጨት ብናኝ ከቅንድቡ ላይ እየጠረገ። «የማነጣጠሪያ መነጽሩን፣ ማንገቻውን፣ ጥይቱን ጨምር። ከዚያ ሻንጣህን ሞልተህ ተሸከምና ጠመንጃውን ይዘህ ይህን የቤቱን ደረጃ አሥር ጊዜ ውጣ ውረድ። ትንፋሽህ ቁርጥ ቁርጥ ሲል አነጣጥር። ክንድህ ከከዳህ ለተራራ አይሆንህም። ላንተ ከሦስት ኪሎ ተኩል ባይበልጥ ጥሩ ነው።»

«እሺ ጋሼ» አልኩት። ደረጃውን ግን አንዴም አልወጣሁት። ሱቅ ገብቼ አፈሙዙ ረጅም የሆነውን፣ ሰው ዞር ብሎ የሚያየውን መረጥኩ። በራሴ ሚዛን ከነሙሉ ዕቃው አምስት ኪሎ ተኩል ሆነ። ቁጥሩን እያየሁ «እችለዋለሁ» አልኩ።

አጎቴ ስድስት ዓመት ወረፋ ጠብቆ ለአንድ የዱር ፍየል የአደን ፈቃድ ያገኘው ያን ዓመት ነበር። ጉልበቱን ያየው ሐኪም ከዚያ ዓመት በኋላ ተራራ እንዳያስብ ነግሮታል። የመጨረሻ አደኑ መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ሦስት ሰዓት ያህል ተራራውን እንደወጣን ጠመንጃው ከበደኝ። ድንጋይ ላይ ዝርፍጥ አልኩ። አጎቴ አልተቆጣም፤ ጠመንጃዬን ከትከሻዬ አውርዶ በራሱ ጠመንጃ ላይ ደረበው። የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው። «ተው ጋሼ» ማለት ነበረብኝ። ቀለል ስላለኝ ተነስቼ ተከተልኩት። የሚያሳፍረኝ ይህ ብቻ ቢሆን ምናለበት።

አናቱ ላይ ስንደርስ ፍየሉ ቆሟል፤ ቢርቅ መቶ ሃምሳ ሜትር ነው። አጎቴ የእኔን ጠመንጃ ከትከሻው አውርዶ የራሱን ቀላል ጠመንጃ አነሳ። ሻንጣው ላይ አስደግፎት እንኳ አልረጋለትም። ተነፈሰ፣ እንደገና ሞከረ፣ ከዚያ አወረደው።

«በዚህ እጅ ብተኩስ አቆስለዋለሁ እንጂ አልገድለውም» አለ። ፍየሉ ዘወር ብሎ ሄደ።

ቤት ስንገባ ሚስቱ ባዶ እጁን አየችና «አዳኙ፣ ምን ይዘህልን መጣህ?» አለችው።

«እርጅና። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ በቃ» አለ።

ልጆቹ ሳቁበት። እኔም ሳቅሁ። ሚስቱ ወደ እኔ ዞረች።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ። አንተ ባትኖር ይህን ሽማግሌ ማን ደግፎ ያወርደው ነበር?»

አጎቴ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እየፈታ ነበር። ቀና አላለም።

«ኧረ ምንም አይደል» አልኳት።