የአስቴር ምርቃት

ባለፈው እሁድ የወንድሜ የደረጀ ልጅ የሕፃን ልጇን ክርስትና ቪዲዮ በስልክ ላከችልኝ። የቄሱ ድምፅ የሚመጣው አፋቸውን ከዘጉ በኋላ ነው። ልጄ ከጎኔ ሆኖ ሳቀና "ይሄማ ቀላል ነው፣ እማ" ብሎ ስልኩን ወሰደብኝ፤ ነካ ነካ አድርጎ መለሰልኝ። ልክ ሆኗል። እሱ ወደ ጉዳዩ ሄደ፤ እኔ ግን ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ለዚህች ለማትረባ ነገር ቤተሰቡ በሙሉ መላ ያጣበት ጥር ትዝ አለኝ።

ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ጉርድ ሾላ ያኔ እንዳሁኑ አልነበረም፤ ከዋናው መንገድ ገባ ሲሉ አቧራው ጫማ ይውጣል፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ላሞች ይግጣሉ። ጠዋት ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል። የእኔ ሰርግ ደርሶ ግቢያችን በጌሾና በሽንኩርት ሽታ ታፍኗል። ሴቶቹ እየከተፉ ያለቅሳሉ፣ እያለቀሱ ይስቃሉ። እኔ ሙሽራ ነሽና ሥራ አትንኪ ተብዬ ዳቦ እየገመጥኩ በመሃላቸው እዞራለሁ፤ ያ ሥራ መፍታት ነው መሰለኝ ነገር ያበዛብኝ።

አባዬ ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። ድምፁ ትልቅ ነው። ከደጃፉ ሆኖ ከአስፋልቱ ማዶ ያለ ሰው ሲጠራ ታክሲ የሚጠብቀው ሁሉ ዞር ይል ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ደም ብዛት ጣለው። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁና ምላሱ ግን ተያዙ። የቀረችለት "እእ" የምትል አንዲት ድምፅ ናት። በእሷ ውሃም ይጠይቃል፣ ይቆጣልም። እኛም እንደ መሰለን እንተረጉምለታለን።

ሙሽራ ከአባቷ ቤት የምትወጣው ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ ነው። እኔን ማን ሊመርቀኝ? አጎቶች ነበሩኝ፤ ንግግርም ያውቁበታል። እኔ ግን የአባቴን ድምፅ ነው የፈለግኩት። እንደ ሕፃን እያለቀስኩ እማዬን አስቸገርኳት።

መላውን ያመጣው ደረጀ ነው። ታላቅ እህታችን አስቴር ከሁለት ዓመት በፊት ናዝሬት ስትዳር አባዬ የመረቃት በቪዲዮ ተቀርጿል። ካሴቱን ማጫወቻው በልቶታል፤ ግን ከመበላቱ በፊት ደረጀ ቦሌ ያለ ሚኪ የሚባል ጓደኛው ዘንድ ወስዶ በኮምፒዩተር ሲዲ ላይ አስገልብጦት ነበር።

"አባዬ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ከጎኑ ቴሌቪዥኑን እንከፍታለን። በገዛ ድምፁ ይመርቅሻል" አለኝ። እቅፍ አድርጌ ሳምኩት።

ሲዲውን ሳሎን ውስጥ ከፈትነው። መጀመሪያ ላይ፣ ሚዜዎቹ ሲገቡ፣ ሁሉም ልክ ነው። እየቆየ ግን ድምፁ ወደኋላ ይጎተት ጀመር። ምርቃቱ ጋ ስንደርስ አባዬ አፉን ከፍቶ ይዘጋል፤ ሽማግሌዎቹ አሜን ብለው እጃቸውን ያወርዳሉ፤ የእሱ ድምፅ የሚመጣው አክስቶቼ እስክስታ ሲወርዱ ነው። አባዬ ራሱን አየና ግራ እጁን አወናጨፈ። "እእ! እእ!"

"እውነቱን ነው፣ ያሳፍራል" አለ ደረጀ። "እናስተካክለዋለን።"

የሚኪ ክፍል ቦሌ መንገድ ላይ ከአንድ ኬክ ቤት በላይ ነበር፤ የቅቤና የስኳር ሽታ በደረጃው ተከትሎን ይወጣል። ሚኪ ሲዲውን በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ፣ በሌላ ማጫወቻ ሞከረ፣ የድምፁን ገመድ ነቅሎ ሰካ። ያው ነው። በመጨረሻ ጥፋቱ ከመገልበጡ እንደሆነ ነገረን። ኮምፒዩተሩ አቅም አንሶት ምስሉን እየዘለለ ቀድቷል፤ ድምፁን ግን ሙሉውን ወስዷል። ስለዚህ ምስሉ አጥሮ ቀድሞ ይሮጣል። ድምፁን ለብቻው አወጣና ወደፊት ሊስበው ተቀመጠ።

"ምኑን ይዤ ልግጠመው?" አለ።

"አሜኑን ያዝ" አልኩት። ሰው ሁሉ አፉን አብሮ የሚከፍተው እዚያ ላይ ነው።

ሐሳቤን ወደደው። የመጀመሪያው አሜን ገጠመ፤ የኋለኛው ተፈታ። የኋለኛውን ሲያስር የመጀመሪያው ሸሸ። ለእያንዳንዷ ሙከራ ኮምፒዩተሩ ምሳ በልተን እስክንመለስ ይፈጃል። አንዴ መብራት ሄደ፤ የሠራነውም አብሮ ሄደ። ሚኪ የሞከረውን ይዘን ስንመጣ አባዬ ያያል፣ ያችው እጅ ትወናጨፋለች። "ገና ነው ማለቱ ነው" እንልና ተመልሰን እንሄዳለን። ሰርጉ እየቀረበ ነው፤ ስለ ኮምፒዩተሩ ግን ከእኛ አንዳችንም የምናውቀው ነገር የለም።

ዋዜማው ላይ ሚኪ ምርቃቷን ብቻ ቆርጦ አወጣ። አጭር ስለሆነች አልተፈታችም። እየሮጥን መጥተን ከፈትናት። የአባዬ አፍና ድምፅ አንድ ሆነው "አስቴርዬ፣ ልጄ፣ ውለጂ፣ ክበጂ፣ ቤትሽ ሰው አይጣ" አሉ። ደረጀ አጨበጨበ። አባዬ ግን ከዚያ ሁሉ ጊዜ በባሰ ተቆጣ። በግራ እጁ ትራሱን አንስቶ ቴሌቪዥኑን መታው፤ ከዚያ በዚያው እጁ ወደ እኔ አመለከተ። እንባው ይወርዳል።

የገባት እማዬ ናት። ከጓዳ ብቅ ብላ ቆማ ነበር።

"ልጆች፣ ተዉት በቃ። ይሄ እኮ የአስቴር ነው" አለች። "ለዚህችኛዋ ሌላ የሚላት አለው። እስካሁን ይሄንኑ ነው የሚላችሁ።"

ያን ሁሉ ቀን የአስቴርን ስም ሰምተናል። አፍ አፉን ስናይ አንዳችንም ልብ አላልነውም። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

በማግስቱ ከባለቤቴ ጋር አባዬ ፊት ተንበረከክን። ግራ እጁን ራሴ ላይ ጫነና ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። "እእ" እንኳ አላለም። ረጅም ነበር። ድንኳን ሙሉ ሰው ጸጥ ብሎ ቆመ፤ የት ላይ አሜን እንደሚባል ማንም አላወቀም፤ አጎቶቼ እርስ በርስ ይተያያሉ። በመጨረሻ እማዬ "አሜን" አለች፤ ሰው ሁሉ ተከተላት፤ እልልታው ቀለጠ።

አባዬ ክረምቱን አልተሻገረም። ሐዘኑ በረድ ሲል እማዬን ጠየቅኋት።

"ያን ዕለት ምን ነበር ያለኝ?"

"እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ" አለችኝ። "አፉ ሲከደን ነው አሜን ያልኩት።"

የእኔም ሰርግ ተቀርጿል። እሁድ ዕለት ልጄ ከወጣ በኋላ ፈልጌ ከፈትኩት። የሚስተካከል ነገር የለውም፤ ድምፁ ከምስሉ ጋር ልክ ነው። ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል፣ ከኋላ ሰው ሲያስል ይሰማል፣ የአባዬ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት። ለአስቴር ያላትን በቃሌ እወጣዋለሁ። የእኔን ግን፣ ይኸው ልጆቼ አድገው፣ ምን ተብዬ አሜን እንዳልኩ እንኳ አላውቅም።